ቁንዶ በርበሬና ሰባት ቤት

ባለፈው እሑድ የቤዛ ልጅ አምስት ዓመት ሞላት። ቤዛ የአክስቴ የእትዬ ተናኜ የልጅ ልጅ ናት፤ ልጇ እኔን «እማማ ውዴ» ነው የምትለኝ፣ ውድነሽ ማለት ስለሚረዝምባት። ዳቦው ሊቆረስ ሁሉም ቆሞ ሳለ ልጅቷ ከውጭ እየሮጠች ገባችና መዳፏን አፍንጫዬ ላይ ለጠፈችው። «እማማ ውዴ፣ አሽትቺው እስቲ! ምንድን ነው?» መዳፏ ውስጥ በጣቶቿ ያሸችው የቁንዶ በርበሬ ቅጠል ነበር። ወጥ ውስጥ የሚገባውን ማለቴ አይደለም፤ ዛፉን ነው፣ ያንን ቅርንጫፉን ቁልቁል የሚለቅቀውን፣ ድሮ ከግቢ በራፍ የማይጠፋውን። ግማሹ ሎሚ ግማሹ በርበሬ የሆነው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሰው እያጨበጨበ ሲዘፍን እኔ ካዛንቺስ ደርሼ ነበር። ካዛንቺስ ስል ደግሞ ዛሬ ያለውን መስታወት በመስታወት አይደለም። እሱን አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም።

የኔ ካዛንቺስ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ነው የሚጀምረው። በስተቀኝ አንድ ካሴት ቤት ነበር፣ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ከጧት እስከ ማታ የሚያስጮህ፤ አዲስ ካሴት የወጣ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ሳይገዛ ዘፈኑን በቃሉ ያጠናዋል። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው፣ ቀጥሎ ከሰል የምትሸጠው ሴትዮ፣ ከዚያ የኛ ግቢ። የቀበሌ ቤት ነው፤ አራት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች አባባና እኔ አንዱ ቤት፣ የአባባ እህት እትዬ ተናኜ ከልጇ ጋር ከጎናችን ነበርን። ቧንቧዋ አጠገብ ትልቅ ቁንዶ በርበሬ ነበረች። ሮዝ ፍሬዋን ስትደረድር የሰፈር ልጆች በእስክሪብቶ ቀፎ እየነፉ የሰው ዓይን ሊያጠፉ ምንም አይቀራቸውም። ልብስ ሰፊው በር ላይ ደግሞ ሌላ ነበረ፤ በአበባ ይሸፈንና አንዲት ፍሬ ሳያሳይ ይከርማል። እትዬ ተናኜ ያንን ዛፍ «መካኑ» ትለው ነበር። ባለፈች ባገደመች ቁጥር፣ ጥላውን ብቻ እያየች፣ «አይ አንተ፣ ለከሰል እንኳ አትሆን» ትለው ነበር።

የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ቂርቆስ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት የተመደብኩት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፣ ለኔ የሳልባጅ ኮት ዘመን ነው። ሁላችንም አንድ አንድ የሳልባጅ ኮት ነበረን። የኔ ቡና ዓይነት ነበር፣ ትከሻው ላይ የገባው ስፖንጅ አንዱ ወደ ኋላ እየዞረ ጎባጣ ያስመስለኝ ነበር። ከኔ ጋር በአንድ ቀን የተመደበ ሌላ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር፣ ስለሺ የሚባል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ኮቱ እጅጌው አጭር ስለነበር አንጓው ሁልጊዜ ውጭ ነው፤ ብርድ ላይ ያንን አንጓ ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ቤቱ ከኛ ትንሽ አለፍ ብሎ ስለነበር ማታ ማታ አብረን በእግር እንመለሳለን፤ ከቂርቆስ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ። ታክሲው በሳንቲም ነበር የሚያደርሰን፣ እኛ ግን ሳንቲሙን ለማኪያቶ እናስቀምጠዋለን። ማኪያቶ ያኔ አንድ ብር አትሞላም፤ አረፋዋን በማንኪያ እየለቀምን አንዷን ስኒ ሰዓት እናስቆጥራት ነበር፣ አስተናጋጁ ጠረጴዛውን በጨርቅ እየደጋገመ እስኪያባርረን።

ስለሺ ኪሱ ውስጥ አንዲት አጉሊ መነጽር ነበረችው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ አስተማሪው የሰጠው ናት፣ በክር አንገቱ ላይ የሚያስራት ቀንም ነበር፤ ተማሪዎቹ «ዶክተር» ይሉታል። አንድ ማታ ልብስ ሰፊው በር ላይ ደርሰን «ቻው» ልንባባል ስንል፣ እኔ የእትዬ ተናኜን አፍ ይዤ «ይኸውልህ መካናችን» አልኩት። ቀና ብሎ አየና ሳቀ፣ አፉን ሸፍኖ።

«መካን? ማን ነው ያላችሁ?»

«አያፈራማ።»

«ወንድ ነዋ! ወንድ እንዴት ያፈራል? ያቺ የናንተ ግቢዋ ሴቷ ናት። ሚስቱ ብትሆንስ ማን ያውቃል?» አለና አንዲት አበባ ቀጠፈ፤ ከጤፍ ብዙም አትበልጥም። መነጽሯን ሰጠኝ። «መሐሏን እያት። ምን አለ?»

መሐሏ ላይ አንዲት የጠወለገች ነጥብ ነበረች። እኔም ባዮሎጂ ተምሬያለሁ እኮ፤ ይህን ግን ማንም አላሳየኝም ነበር። «የፍሬ ማሕፀን ትመስላለች» አልኩት።

«ናት። የወንዱ አበባ ውስጥ የሞተ ማሕፀን አለ። የሴቷ አበባ ውስጥ ደግሞ የአበባ ዱቄት የማይሠሩ የወንድ ዘንጎች አሉ። ድሮ አንድ ነበሩ ማለት ነው፣ ውዴ። ምልክቱ አልጠፋም።»

ውዴ ያለኝ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ። እሱ ስለ አበባው እያወራ ስለነበር ያለውን የሰማ አይመስለኝም፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ራት ሳልበላ ተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ መንገዳችን ሁሉ ይህ ሆነ። ኮሶም ወንድና ሴት አለው፣ ፓፓያም አለው፣ እያለ በመንገዱ ያለ ዛፍ ሁሉ ፆታ እያወጣ ይወስደኛል። ሁለተኛ ዲግሪውን በዚህ ሊሠራ ነበር ሐሳቡ፤ ቁንዶ በርበሬ መቼና እንዴት እንደተለያየ። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ቆሎ እየበላን «ለምን ተለያዩ ግን?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ራሳቸውን እንዳያገቡ ነው። ሁለቱም በአንድ አበባ ውስጥ ሲያድሩ ዱቄቱ እዚያው ይወድቅና የሚወለደው ይደክማል። ታዲያ አንድ ቀን አንዷ ዱቄት መሥራት የሚያቅታት ሆና ትበቅላለች፤ በቃ ሴት ሆነች። ቆይቶ ሌላው ፍሬ መያዝ የሚያቅተው ሆኖ ይበቅላል፤ ወንድ ሆነ። ከሁለት ጉድለት ነው የመጣነው፣ ማለቴ እነሱ።»

«ሁለቱ ጉድለት አንድ ልጅ ላይ ቢገናኙስ?»

«መካን ማለት እሱ ነው። ከሁለቱም የለበትም። ያ እንዳይሆን ነው ክሮሞሶሞቹ በዚያ ቦታ ላይ መለዋወጥ የሚያቆሙት።» ቆሎውን ከእጄ ላይ እየወሰደ አሰበ። «ጎረቤት እሳት ይጫጫራል አይደል? የአንዷ ምድጃ ቢጠፋ ከሌላዋ ታመጣለች። ክሮሞሶምም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይለዋወጣል፤ የአንዱ የተበላሸ በሌላው ይጠገናል። የሴቷ ኤክስ፣ ሌላ ኤክስ አላት። የወንዱ ዋይ ግን በሩን ዘጋ። መለያየቱን ለማቆየት ሲል ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የተበላሸበት ሁሉ ተበላሽቶ ይቀራል፤ ቀስ እያለ ይፈርሳል።»

«ያሳዝናል።»

«ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ ምን አስቸኮለሽ?» አለኝና ሳቀ። ከበታቻችን ሯጮች ያሟሙቃሉ፣ ወያላው «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» ይላል፣ እኔ ኮቴን ጥቅልል አድርጌ ከዚህ ሰው ሌላ ምንም አልፈልግም እላለሁ በልቤ። ደስታዬ ያ ነበር። ከዚያ የበለጠ ደስታ ኖሮኝ አያውቅም፣ ይህን ለመናገር አሁን አላፍርም።

ሽማግሌ የላከው በዓመቱ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፤ እንደ ደንቡ «ያመጣንን ጉዳይ ሳትሰሙ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እኔ መጋረጃው ጀርባ እትዬ ተናኜ ጎን ነኝ፤ እጄን ይዛኛለች። አባባ ፊቱ ፈክቶ ነበር፣ ስለሺን ይወደዋልና። «ልጁን አውቀዋለሁ፤ ወገኑ ከየት ነው?» አለ። «ከሰላሌ» ሲሉት፣ «እኛም ከሰላሌ ነን» አለ፣ አሁንም ደስ እያለው። እንግዲህ ከአንድ አገር ከሆኑ ሰባት ቤት መቁጠር ግድ ነው። እስከ ሰባት ድረስ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ መጋባት የለም፤ ዘመድ ናቸው። አባባ የኛን ቆጠረ፦ ውድነሽ፣ አየለ፣ ተክሌ፣ ደበበ፣ ወልዴ፣ ጉርሙ። አንዱ ሽማግሌ የስለሺን ቀጠለ፦ ስለሺ፣ ቱፋ፣ ለማ፣ ቶላ፣ ሀብቴ... እዚያ ላይ ድምፁ ዝግ አለ። «ሀብቴ የማን ልጅ ነው?» አለ አባባ። «የጉርሙ» አለ ሽማግሌው።

 ወልዴና ሀብቴ የጉርሙ ልጆች ናቸው፤ ወንድማማቾች። እኔና ስለሺ ስድስተኛው ቤት ላይ ተገናኘን። በዚህ መሐል እትዬ ተናኜ እጄን ለቀቀች። «ውሃ ልቅዳ» ብላ በጓሮ በር ወጣች። በመስኮት አያታለሁ፤ እንስራ አልያዘችም። ቁንዶ በርበሬዋ ሥር ቆማ ግንዱን ትይዛለች፣ ትለቃለች። ለኔ አዝና መሰለኝ።

አባባ ሽማግሌዎቹን በወጉ ሸኛቸው። ከዚያ ጠራኝ። «ውድነሽ፣ እኔ እህትና ወንድም አልድርም። ይህን ካደረግሽ ሬሳዬን እንዳታዪ» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ። ብጮህበት ይሻለኝ ነበር። አልጮህኩም፤ እሱም እያለቀሰ ነበርና።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ እኔና ስለሺ ባዶ ክፍል ገባን። ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ እያለ ወረደ። «ከጉርሙ አንቺ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እኔ ላይም የደረሰው ይኸው ነው። ሁለታችን አንድ ላይ የያዝነው ደግሞ ከዚህም ያነሰ፣ ምንም ነው ውዴ! በዚህ የተነሳ የሚታመም ልጅ የለም» አለ፣ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እስኪሰበር እየመታ። «ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም።» እሺ አልኩት። በእውነት እሺ አልኩት፤ ሰማያዊ ቀሚሴን አሳጥቤ አስተኮስኩ። ቀኑ ሲደርስ ግን እናቱ ሰምታ ኖሮ ድንጋይ ተሸክማ ከበሩ ላይ ጠበቀችው። ድንጋዩን አንገቷ ላይ አድርጋ እግሩ ሥር ወደቀች። አገር የሚያውቀው ልመና ነው፤ እናት ድንጋይ ተሸክማ ከለመነች ልጅ አይረግጣትም። እኔ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ካሴት ቤቱ ጥግ ቆምኩ። ዘፈኑ ዞሮ ዞሮ ከመጀመሪያው ጀመረ። ልብስ ሰፊው ወጥቶ «ምነው እትዬ፣ ሰው ጠፋብሽ?» አለኝ። ጠፋብኝ አልኩት።

በዓመቱ ስለሺ አገባ። ሚስቱ ሰናይት ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው ሰው ልጅ ናት፤ ማስተማሩን ትቶ ሱቁ ገባ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሰው «ቆማ ቀረች» ሲል የሚቆም ነገር ይመስለዋል፤ መቆምማ አይደለም፣ በየቀኑ መነሳት፣ መልበስ፣ ጠመኔ መጨበጥ፣ መመለስ ነው። መመለሻ መንገዴን ለወጥኩ፤ መስቀል አደባባይን ላለማየት በሌላ በኩል እዞር ነበር። የሚጠይቁኝ ሰዎች መጥተዋል፣ ውሸት አልናገርም፤ አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አንዱ ሚስቱ የሞተችበት ነጋዴ። ሻይ ጋብዘውኝ ሲያወሩ እኔ እጅጌያቸውን አያለሁ። እጅጌያቸው ልክ ነው፤ አንጓቸው አይበርደውም። ተመልሼ እመጣለሁ።

ዓመታቱ እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ሞተ፣ ከዚያ መንገዱ ሲሰፋ መካን ያልነው ዛፍ ተቆረጠ። አባባም አለፈ፤ ሬሳውን አየሁ፣ ቀበርኩት፣ ትእዛዙን ጠብቄለት። ከዚያ በየክፍሉ ፕላዝማ ገባ፤ አስተማሪው ከቴሌቪዥኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ እየሮጠ ሲያስተምር እኛ በር ላይ ቆመን እናያለን፣ መጨረሻ ላይ የተረፈችውን ጥቂት ደቂቃ ይሰጡናል። አንድ ቀን ያ ቴሌቪዥን ስለ ፓፓያ አወራ። የፓፓያ የወንድና የሴት ክሮሞሶም ገና ወጣት ነው፣ በሩን የዘጋው በቅርብ ነው፤ ሆኖም ከወዲሁ ተበላሽቷል፣ ዘሩ ከሁለት ወገን የወንዱን ብቻ ቢወርስ አይበቅልም፣ አለ። ተማሪዎቹ አልገባቸውም፤ «ቲቸር፣ ምንድን ነው ያለው?» ሲሉኝ እሳት ስለሚጫጫሩ ጎረቤቶች ልነግራቸው ጀመርኩና ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። ደወሉ አዳነኝ። ያን ቀን የመምህራን ሽንት ቤት ገብቼ፣ ትልቅ ሴትዮ፣ አፌን በሻርፕ ይዤ አለቀስኩ። እዚያው ነው ለራሴ የነገርኩት፤ እኔ ነኝ የፈረስኩት፣ በሩን የዘጋሁ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ካዛንቺስ ሊፈርስ ነው የሚለው ወሬ ሰው አፍ ላይ ባለበት፣ ከየግቢው ዕቃ መውጣት በጀመረበት ሰሞን ነው ቤዛ እየበረረች የመጣችው። «እትዬ ውዴ፣ በቃ ላገባ ነው! ማለቴ፣ ናሆም ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቱን ብታዪው ደግሞ፣ ኩል ሰውዬ ነው፤ ድሮ እንዳንቺ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር አሉ፣ ስለሺ ይባላል። ቡልጋሪያ ሱቅ አላቸው።» ተቀመጥኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? «ወገናቸው ከየት ነው?» አልኳት፣ የማውቀውን። ሳቀች። «በዚህ ዘመን ማን ይቆጥራል?» አለችኝ። ግን በቁርባን ሊጋቡ ነበር የፈለጉት፤ የንስሐ አባታቸው ሳይቆጠር አላጋባም አሉ። የእህቴ ያህል ያሳደግኳትን ልጅ ያው ቢላ ሊያርዳት ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አንዲት ክፉ ሐሳብ ደግሞ ልቤ ጥግ ተቀምጣ «ይከልከሉ፤ እኔ ተከልክዬ የለ?» ትለኝ ነበር። አባረርኳት፣ ተመልሳ መጣች።

ቆጠራው የተደረገው በእትዬ ተናኜ ቤት ነው፤ ዕቃው ግማሹ ታስሯል፣ ሶፋው ላይ ማዳበሪያ ተደርድሯል። እትዬ ተናኜ ያኔ በጣም አርጅታለች፣ በቤተሰቡ ዘር የምታውቅ እሷ ብቻ ቀርታለች። ስለሺ ከሚስቱ ከሰናይት ጋር ገባ። ሸብቷል፣ ወፍሯል። ጨበጠኝ፤ «ደህና ነሽ ወይ እትዬ ውድነሽ» አለኝ፣ ሰው ፊት ነውና። የሸሚዙ እጅጌ ልክ ነበር።

የንስሐ አባት አስጀመሩ። እትዬ ተናኜ በቀስታ ቆጠረች፦ ቤዛ፣ እናቷ አዜብ፣ እኔ ተናኜ፣ ተክሌ፣ ደበበ፣ ወልዴ፣ ጉርሙ። ስለሺ ቀጠለ፣ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ፦ ናሆም፣ ስለሺ፣ ቱፋ፣ ለማ፣ ቶላ፣ ሀብቴ። ጉርሙ የሚለውን መናገር አቃተው። አስፈላጊም አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃል። ሰባተኛው ላይ ተገናኙ። «ሰባቱ ማለፍ ነበረበት» አሉ የንስሐ አባት፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ቤዛ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች፤ ጩኸት የሚመስል ነገር ከውስጧ ወጣ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የኔ አልወጣም ነበር እንጂ ያው ድምፅ ነው።

«ቁሙ» አለች እትዬ ተናኜ። በትሯን ይዛ ተነሳች። «ሀብቴን አትቁጠሩ። ሀብቴን ጉርሙ አሳደገው እንጂ አልወለደውም። በጉዲፈቻ የመጣ ነው፣ ገና በአራስ ጨርቅ። የሌላ ልጅ ነው ያለ ዘሩ ይጥፋ ተብሎ ተምሏል። አባቴ ሲነግረኝ ምድርና ሰማይ አስምሎኛል። ኃጢአቱ በኔ ይሁን፤ ልጆቹን ዳሩልኝ።» ተቀመጠች። የንስሐ አባት፣ ሥጋ ካልተገናኘ አልከለክልም፣ ነገር ግን ይህ ከዚህ ቤት አይውጣ፣ የሟቹን ስም የሚነካ የለም፣ አሉ። ሁላችንም እጃችንን አንስተን ማልን። እኔም ማልኩ። ከዚያ እልልታ ሆነ።

ተነሥቼ ወጣሁ። በእልልታው መሐል ማንም አላየኝም፣ አንድ ሰው ሲቀር። ቧንቧው ጋ ቁንዶ በርበሬዋ ሥር ደረሰብኝ።

«ሰማሽ?» አለኝ።

«ሰማሁ።»

«ዘመድ አልነበርንም።»

«አልነበርንም።»

ቅርንጫፏን ሳበ፣ አንዲት አበባ ቀጠፈ፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ። መነጽሯ የለችም፣ ዓይኑም ደክሟል። «አይታየኝም ውዴ» አለ። አበባዋ ለኔ የምትታይ መስሎት ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋ። «አሁን ምን እናድርግ?»

 ስንት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ጥያቄ ነው፤ ሲመጣ ምሳ ሰዓት መጣ፣ በልጁ ሽምግልና ቀን መጣ። እዚያው መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። «ግባና ምሳ ብላ» አልኩት። «ልጅህን ልትድር ነው።»

ያኔ ሰናይት እየሳቀች ከቤት ወጣች። ደግ ሴት ናት፣ ከኛ ነገር አንድም አታውቅም። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ግራና ቀኝ ሳመችኝ። «እትዬ ውድነሽ፣ እንግዲህ ዘመድ ሆንን እኮ! ከዛሬ ወዲያ መጠፋፋት የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዘመድ ናችሁ ተብለን ስንለያይ ዘመድ አልነበርንም፤ አለመሆናችን በተነገረ በዚያው ሰዓት ዘመድ ሆንን።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እትዬ ተናኜን አልጋዋ ላይ አገኘኋት። ልጮህባት ነበር የገባሁት። «ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። ዓይኗን አልሸሸችም። «ያን ጊዜ መሐላውን ያስማለኝ አባቴ ሰላሌ ገና በሕይወት ነበር፣ የሀብቴ ወገንም በሰላሌ ሙሉ ነበር። ፈራሁ። ደግሞ...» አለችና ቆመች። «ደግሞ ምን?» «ልጄ፣ አንቺን እወድሻለሁ። ቤዛ ግን ከማሕፀኔ የወጣች ናት። አንጀቴ ለሷ አልቻለም።» ይቅር ልበላት? አላልኳትም። ጋቢዋን አልብሻት ወጣሁ። በክረምቱ ሞተች፣ አለቀስኩላት፤ ይቅርታውን ግን እስካሁን አላገኘሁትም፣ ስፈልገው ነው የምኖረው። በማግስቱ ዓመት ግቢው ፈረሰ፣ ዛፏም ከግቢው ጋር።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ ዳቦው ተቆርሶ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ቤዛ ልጇን መሐል ላይ አቆመቻት። «የተማርሽውን ቁጠሪ፣ አያትሽ ያስጠናሽን» አለቻት። አያቷ ስለሺ ከማዶ ተቀምጦ ነበር፣ ከሰናይት ጎን፤ ልጅቷ የጣለችውን የቁንዶ በርበሬ ቅጠል ከምንጣፉ ላይ አንስቶ በጣቶቹ መሐል ይዞታል። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጀመረች፦ ናሆም፣ ስለሺ፣ ቱፋ፣ ለማ፣ ቶላ፣ ሀብቴ፣ ጉርሙ! ሰው አጨበጨበ። እሷ ግን አስተማሪ መሆኔን ስለምታውቅ ወደኔ ዞረች። «እማማ ውዴ፣ ልክ ነኝ?»

ስለሺ ቀና ብሎ አየኝ። የቅጠሉ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ ነበር።

«ልክ ነሽ» አልኳት። «ጎበዝ። እንዳትረሺው።»